ጽዋውን ይዞ የገባው ሰው

እኔን የሚያታልል ሰው እንጅባራ ላይ ገና አልተወለደም እያልሁ ነው ያረጀሁት። መወለዱን የጠረጠርሁት በሚካኤል ማኅበራችን ዕለት ነው።

ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ከጽዋው ከተቀመሰ በኋላ የመጪው ወር ተረኛ መታመሙ ተነገረ። ቄሱ ጽዋውን በነጠላ ሸፍነው «በእሱ ፈንታ ማን ይቀበል?» አሉ። ጽዋ የተቀበለ በወሩ ለማኅበርተኛው ሁሉ በቤቱ ይደግሳል። ኑሮ እንዲህ ሰማይ በነካበት ጊዜ ማን አፉን ይከፍታል? ሁሉም መሬት መሬት አየ። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመርሁ፤ ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

«እኔ ልቀበል» አለ አንድ ድምፅ ከበራፍ።

በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የሚያድር፣ ዳቦ ሊቀበል የመጣ ጎልማሳ ነው። አዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል ሲጭን ኖሮ ሥራ ሲቀዘቅዝ እንደመጣ ይናገራል። ይናገራል እንጂ ማን አየው? ሳቅን። ቄሱ ግን አልሳቁም። «በጽዋ አይቀለድም» ብለው ሰጡት፤ ተሳልሞ ተቀበለ።

ጭንቁ ከዚያ መጣ። ጽዋ ጎዳና ላይ አያድርም። ግቢዬ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነውና እኔ ብልጡ ዘልዬ «እኔ ዘንድ ይቀመጥ» አልሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፤ እንሂዳ» አለኝ ሰውየው። «የተቀበልሁት እኔ ነኝ፤ ያለኔ የት ይሄዳል?»

ቄሱን አየሁ፤ ቄሱ ጣራ ጣራውን ያያሉ። እንዲህ ሆኖ ድንች ከማስቀምጥባት የጓሮ ክፍል ገባ። መታወቂያና ዋስ ለሌለው ሰው የሚያከራይ የለም፤ እሱ በሩን በጽዋ ከፈተው።

«አስቦበት ነው!» አልኋት ባለቤቴን።

«ቢያስብበትስ? በዚህ ብርድ አጥር ሥር የተኛ ሰው ሌላ ምን ያስባል?»

መሰለል ጀመርሁ። ጠዋት ጠዋት ዶሮ የማይ መስዬ በመስኮቱ ሥር አልፋለሁ። ሲጸልይ ይሰማኛል፤ ጮክ ብሎ ነውና ጠረጠርሁት። በልቡ ቢጸልይ ደግሞ «ምን ይደብቃል?» ማለቴ አይቀርም ነበር።

ከማኅበርተኞቻችን አንዱ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ይሠራል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ሳለ ቄሱ «ሥራ ስጠው፤ አለዚያ በምኑ ይደግሳል?» አሉት።

«ዋስ ያምጣ።»

«ዋሴ ሚካኤል ነው» አለ ሰውየው።

«ሚካኤል መታወቂያ የለውማ!»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። በልቤ አሰላሁ፦ ይህ ሰው ሥራ ካጣ፣ ጽዋው ያለው እኔ ግቢ ነው፤ ድግሱ በማን ጫንቃ ሊወድቅ ነው? ፈረምሁ። «አይ ደግነት!» ብለው መረቁኝ። «አሜን» አልሁ፤ ምርቃት አይመለስም።

የማኅበሩ ቀን ሲነጋ ክፍሏ ተቆልፋለች። ሰውየው የለም።

«አላልሁሽም? ጽዋውን ይዞ ዳንግላ ገብቷል!»

«እረግ! አንተ ሰውዬ፣ ደስ ያለህ ትመስላለህ» አለችኝ ባለቤቴ።

የድንች ጆንያ ላይ ወጥቼ በመስኮቱ አጮለቅሁ። የጠላ ገንቦ፣ የተሸፈነ ድፎ ዳቦ፤ ጽዋውም በነጠላው ውስጥ ሆኖ እሱ ራሱ ከቀርከሃ በሠራው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አንገቴ መስኮት ውስጥ፣ እግሬ አየር ላይ እንዳለ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«አባቴ፣ ቁልፉ ይኸው። በበሩ ይሻላል።»

አብረውት አጥር ሥር ያድሩ የነበሩትን ለድግሱ ጠርቶ ይዟቸው መጥቷል። ከጆንያው ላይ ያወረዱኝ እነሱ ናቸው።

ድግሱ አማረ። ጠላው ውኃ በዝቶበት እንደሆነ ብዬ ደጋግሜ ቀመስሁት፤ አልበዛበትም። ማኅበርተኛው ሲበተን ሰውየው ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ ከሥራው አጠገብ ክፍል መከራየቱንና በማግስቱ እንደሚሄድ ነገረኝ።

ይህ ደግሞ ምን ተንኮል ነው? «ቤቴ ምን ጎደለው?» አልሁት።

«ምንም አልጎደለውም አባቴ። ዓይን በዛበት እንጂ።»

ድንቼን መልሼ አስገብቻለሁ። እሱ ሥራ ቦታ ግን በባጃጅ ብቅ እላለሁ፤ ዋስ ነኛ! በቀደም ስደርስ ወንበር አንሥቶ ከጥጉ አስቀመጠልኝ።

«ከዚህ ሆነው ሁሉም ይታይዎታል» አለኝ።

ተቀመጥሁ። እውነትም ሁሉም ይታያል።