የሙሽራዋ ፊትና አንገት

በታላቅ እህቴ በታደለች ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ በሠርጓ ዕለት የተነሣችው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሆሳዕና በሄድሁ ቁጥር ፊት ለፊቱ ካለው ሶፋ ላይ ያስቀምጡኛል፤ እኔም በሄድሁ ቁጥር ምክንያት ፈልጌ ሌላ ወንበር እይዛለሁ። ታደለች ነጭ ቬሎ ለብሳ ቆማለች። አንገቷና ክንዷ የራሷ ናቸው፤ እንደ ተወለወለ የዋንዛ እንጨት የሚያበራ ጠይም። ፊቷ ግን የሌላ ሰው ነው። ከአገጯ ጠርዝ ላይ፣ በክር የተለካ በሚመስል መስመር፣ ጠይሙ ያበቃና አመድ የመሰለ ንጣት ይጀምራል። እንግዳ ሲመጣ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ከዚያ ወዲያውኑ ስለ ልጆቹ ትምህርት ይጠይቃል።

ያንን ፊት የመረጥሁት እኔ ነኝ። ቢያንስ ከሃያ ዓመት በላይ እንደዚያ አምኜ ኖሬአለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ማስረጃ የሌለውን ነገር መጠራጠር ተማርሁ፤ በሌላው ነገር ሁሉ እጠራጠራለሁ፣ በዚህ ግን አልቻልሁም። የምጠራጠረው ዝርዝሩን ነው፤ የሚያበሳጨኝም እርሱ ነው።

ልጅ እያለሁ፣ ስድስተኛ ክፍል፣ ምናልባትም ሰባተኛ፣ ታደለች ልትዳር ነበር። ግቢያችን ውስጥ ዳስ ሲጣል፣ ከቤተ ክርስቲያን የተዋሱት አግዳሚ ወንበሮች በጋሪ ሲመጡ፣ ለአታካና፣ ለድግሱ ገንፎ፣ የሚሆነው ቡላና ቅቤ በየዕቃው ሲደረደር ትዝ ይለኛል። ቤቱ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ እህቴ። በሰፈራችን ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ባሉት ሳምንታት ከቤት አትወጣም። ፀሐይ እንዳያገኛት ጓዳ ትቀመጣለች፤ እናታችንም ጠዋት ጠዋት ፊቷን በለጋ ቅቤ ታሸዋለች። ሜካፕ የሚባል ነገር በቤታችን ስሙ አይነሣም። የቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሽማግሌ «እግዚአብሔር በቀባው ላይ ሰው አይደርብም» ይሉ ነበር፤ እናቴም ይህን አባባል ወደ ቋንቋችን ወደ ሀዲይሳ መልሳ፣ ቅቤውን ግን ከሕጉ አውጥታ፣ ትደግመው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በቪዲዮ አንሺው ነው። የሙሽራው ቤተሰቦች ከአዲስ አበባ ያስመጡት ሰው ነበር። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ግቢውን ሊያይ መጣና በጓዳው በር በኩል ታደለችን በጨረፍታ አያት። «ሜካፕ ይደረግላት እንጂ» አለ፣ የሚናገረው ስለ አምፖል ይመስል፤ «ጠይም ፊት በቪዲዮ ይጠቁራል። እንደዚህ ሆና ብትቀረጽ ጥርስ ብቻ ነው የሚታየው።» አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። ታደለች እንዳልሰማች ሆነች። እኔ ግን በር ላይ ስለነበርሁ እጇ ጉንጯን ሲነካ አየሁ።

በማግስቱ፣ እናታችን ገበያ ስትወጣ፣ ጠራችኝ። ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አንድ ጉርድ ፎቶ አወጣች። ራሷ መሄድ አትችልም፤ ሙሽራ ናት። «ኤርሚ፣ ይህን ለእትዬ ብዙነሽ አሳያት። የሙሽራ ሜካፕ በላት። እማዬ እንዳትሰማ፣ አደራ!» አለችኝ። ከዚህ በኋላ የተናገረችው አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ያንን ግን በእርግጠኝነት ልጽፈው አልችልም። አንዳንድ ጊዜ «የኔን ቀለም ስጪው በላት» ስትል እሰማታለሁ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ጓዳ፣ «ቀላ ያለውን» ትለኛለች። ሁለቱም እኩል ጥርት ብለው ይሰሙኛል።

እትዬ ብዙነሽ ባለቤታቸው በመንግሥት ሥራ ከሰሜን ተዛውረው የመጡ፣ ከገበያው በታች የመዋቢያ ዕቃ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ሱቃቸው በቀንም ጨለም ያለ ነው፤ የሳሙና፣ የቫዝሊንና የናፍታሊን ሽታ ተደባልቆ አፍንጫ ይመታል። ፎቶውን ተቀብለው ወደ አምፖሉ አስጠጉት፤ ከዚያ እስከ ዛሬ ያልተዘጋጀሁበትን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ቆዳዋስ እንዴት ነው ማሙሽ? ደረቅ ናት ወዛም?»

የእህቴን ፊት አሰብሁ። ያን ዕለት ጠዋት ያየሁትን ፊት ማለቴ ነው፤ ቅቤው ቀልጦ በአገጯ ላይ ሲወርድ።

«በጣም ወዛም ናት እትዬ። ይንጠባጠባል።»

«በስመ አብ!» አሉና ባንኮኒውን ይዘው ሳቁ። «ከሰው ፊት ይንጠባጠባል? እንግዲያው ወዝ የሚመጥ ነው የሚያስፈልጋት።»

እህቴ ከቤታችን ሁሉ ቆዳዋ ደረቅ ነበር። በበጋ ከንፈሯ እየተሰነጠቀ ይደማል፤ እናቴም ቅቤውን ያበዛችባት ለዚህ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ግን ማን አስቦት!

ከዚያ ቀለሙ መጣ። ባንኮኒው ላይ ሁለት ጠርሙስ ተቀመጠ፤ አንዱ የገብስ ቆሎ የመሰለ፣ ሌላው ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ። ፎቶውን በመካከላቸው አስቀመጡት። የከተማችን ፎቶ አንሺ ሁለት ትልልቅ መብራት ፊት ላይ ደግኖ ነበር የሚያነሣ፤ ከእርሱ ስቱዲዮ የሚወጣ ሰው ሁሉ ከወባ የተነሣ ይመስላል። በፎቶው ላይ ታደለች ወተት የበዛበትን ሻይ ትመስል ነበር። ጣቴ እርሷን በመሰለው ጠርሙስ ላይ ሲያርፍ አስታውሳለሁ፤ ብርጭቆው ቀዝቃዛ ነበር። ለምን እንዳረፈ ግን አላውቅም። ፎቶውን ስለመሰለ ነው? ወይስ ያን «ጥርስ ብቻ» የሚለውን ሳቅ ሰምቼ፣ እህቴ በዚያ ቀን ሌላ ሴት እንድትሆን ስለፈለግሁ? የመጀመሪያው የልጅ ስሕተት ነው። ሁለተኛው ስሕተት አይደለም።

የሠርጉ ዕለት እናቴ ቅቤውን በሳሙና አጥባ አስለቀቀችላት። ሙሽራ ከጊዜዋ በፊት እንዳትታይ የጓዳው መስኮት ተዘግቶ ነበርና እናቴ ወደ ዳሱ ስትወጣ ጓደኛዋ እኔ ያመጣሁትን በአንዲት አምፖል ሥር ቀባቻት። በዚያ ብርሃን ቆንጆ ነበረች፤ ሁላችንም እንደዚያ አልን። ከጓዳው ወጥታ ዳሱ ሥር ስትደርስ እልልታው ተጀመረ፣ ከዚያም መሐል ላይ ሳሳ። ያልተቋረጠ፣ ግን የሳሳ እልልታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የአባቴ እህት፣ ክፋት የሌለባቸው ሴት፣ በሀዲይሳ ጮክ ብለው «ልጄን ማነው ዱቄት ውስጥ የጣላት?» አሉ። ሰው ሳቀ። ታደለችም አብራ ልትስቅ ሞከረች፤ ያኔ በአፏ ግራና ቀኝ፣ በዓይኗም ጥግ፣ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጠቀ። ጓደኛዋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «አትሳቂ» ስትላት ሰማሁ።

ቀኑን ሙሉ አልሳቀችም። ኬክ ሲቆረስ፣ ሽማግሌዎች ሲመርቁ፣ ሙሽራው ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ሲላት፣ ከንፈሯን ገጥማ ቆማለች። ጥርሷ ብቻ እንዳይታይ ፈርታ ነበር፤ በአልበሙ ውስጥ ጥርሷ የሚታይበት አንድ ፎቶ የለም።

ባለፈው ወር ልጇ ሕይወት ልትዳር እንደሆነ ሰምቼ ከሐዋሳ መጣሁ። እናትና ልጅ ፋውንዴሽን የሚባለውን የፊት ቀለም ሊገዙ እንደሚወጡ ስሰማ ማንም ሳይጋብዘኝ ጫማዬን አደረግሁ። አንድ ነገር ልመን፤ በእነዚህ ዓመታት ስለዚህ ጉዳይ ያነበብሁትን ስለ ሙያዬ አላነበብሁም። ፊት ታጥቦ፣ ምንም ሳይቀባ፣ ጥቂት ቆይቶ ነው ደረቅነቱ ወይም ወዛምነቱ የሚታወቀው። ቀለሙ የሚለካው መንጋጋ ላይ ነው፤ ፊትና አንገት የሚገናኙት እዚያ ነውና። በፀሐይ ብርሃን ይታያል። እስኪደርቅም ይጠበቃል፤ ሲደርቅ የሚለወጥ አለና።

ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ በመስታወትና በነጭ መብራት የተሞላ። ከወለል እስከ ጣሪያ ጠርሙስ ነው፤ እኔ በልጅነቴ ከሁለት ነበር የመረጥሁት። ጥፍሯ የረዘመ ወጣት ሻጭ «ምን ዓይነት ነው የኔ ቆንጆ?» ስትላት ሕይወት ስልኳን አወጣችና ፎቶዋን አሳየቻት። «ይሄን የሚመስል።» አንገቴን አስግጌ አየሁት። አፍንጫዋ ቀጥኗል፤ ቆዳዋ እንደ ሕፃን ለስልሷል፤ ቀለሟም ነጥቷል።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አልሁ።

«እኔ ነኛ አጎቴ! ፊልተር ነው።»

ጉርድ ፎቶው በእጄ ላይ ያለ መሰለኝ። ሻጯ አንዱን ጠርሙስ ከፍታ በሕይወት እጅ ጀርባ ላይ፣ በዚያ ነጭ መብራት ሥር፣ ቀባቻት። ልጅቷ የምትዳረው በእጇ ጀርባ እንዳልሆነ ለሻጯ ነገርኋት። ሻጯ አልተቀየመችም፤ «ጋሼ፣ ለቪዲዮ እኮ ከራሷ ሁለት ደረጃ ነጣ ያለ ነው የሚወሰደው። ሙሽሮች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚወስዱት» አለችኝ። ያ ሰውዬ ካሜራውን ተሸክሞ ከሄደ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ቃሉ ግን እዚሁ ሆሳዕና ቀርቶ፣ ባለ መስታወት ሱቅ ተከራይቶ ጠበቀኝ። ጠቆር ያለ የለም ወይ ብል፣ ከታችኛው መሳቢያ አቧራ የያዙ ሦስት አወጣችልኝ። «እነዚህን የሚጠይቅ የለም» አለች። በየመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ የእነዚያን ሦስት ጠርሙሶች መልክ ይዞ ይሄዳል፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም!

ሕይወትን እጇን ይዤ ወደ ደጃፉ አወጣኋትና ሻጯ ከሦስቱ ጠርሙሶች በመንጋጋዋ ላይ አንዳንድ መስመር እንድታደርግ ለመንሁ። የባጃጅ ሾፌሮች ወዲያውኑ ተሰበሰቡ። «ጋሼም ይቀባ እንጂ!» አለ አንዱ። «ሚዜው እሳቸው ናቸው!» አለ ሌላው። ሕይወት ፊቷ በሦስት መስመር ተሸንትሮ «አጎቴ፣ አዋረድከኝ እኮ» አለች፤ እንባዋ ቀርቦ ነበር። ሦስቱም አልመሰሏትም። እስኪደርቅ ቆዪ ብላት አሻፈረኝ አለች። ያኔ ከየት እንደመጣ ያላወቅሁት ነገር ከአፌ ወጣ።

«የእናትሽን ፊት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ነጣ ያለውን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

ታደለች እስከዚያ ሱቁን ትመለከት ነበር። «ማን ነው እንደዚያ ያለህ?» አለችኝ።

«ጣቴን አስታውሰዋለሁ።»

«ጣትህን ተወው» አለች። «ሁለት ጉርድ ፎቶ ነበረኝ። የትምህርት ቤቱ ቁርጥ እኔን ነበር። የሰጠሁህ ያን ቀይ አድርጎ ያወጣኝን ነው፤ ሆን ብዬ። ያንን ይዘህ ሄደህ አንተ ምን ታደርግ፣ ብዙነሽስ ምን ታድርግ?»

እውነቷን ይሁን፣ ወይም ታላቅ እህት ስለሆነች ሸክሜን ልታወርድልኝ፣ አላውቅም። እርሷም ምናልባት አታውቅም። ሃያ ዓመት የተሸከምሁት የእኔ ካልነበረ፣ ለምን ቀደም ብላ አልነገረችኝም ብዬ ተናደድሁ፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። «ቅቤውስ?» አልኋት በመጨረሻ። «ወዛም ናት ያልኩት?»

«እሱስ ያንተ ነው» አለችና ጥርሷን እስከ ድዷ አሳይታ ሳቀች።

ሳንገዛ ተመለስን። ሕይወት በመንገድ አላናገረችኝም፤ ስልኳን ግን ቦርሳዋ ውስጥ ጨምራ ዚፑን ስትዘጋው አይቻለሁ። ቤት ደርሰን መስኮቱ አጠገብ፣ ከእናቷ ፎቶ ሥር፣ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላው ፀሐይ በጎን ገብቶ መንጋጋዋ ላይ አረፈ። አንደኛው መስመር ከጆሮዋ ሥር እንደ ኖራ ተጋግሮ ይታያል። ሌላውም አገጯ አጠገብ አለ። መካከለኛውን ግን አጣሁት። ታደለችን ጠራኋት፤ በጣቷ አበስ አድርጋ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ጣቷ ላይ ቀለም ነበረ። ሕይወት አልጠረገችውም፤ ደርቆ ከቆዳዋ ጋር አንድ ሆኖ ነው የጠፋው።

«የትኛው ጠርሙስ ነበር?» አለች ሕይወት፣ ኩርፊያዋን ረስታ። እናቷ እኔን አየችኝ። ከሃያ ዓመት በፊት በጣቴ ሥር የነበረውን የብርጭቆ ቅዝቃዜ አስታውሳለሁ፤ ከአንድ ሰዓት በፊት በዓይኔ ፊት ከነበሩት ሦስት ጠርሙሶች መካከለኛው መስመር በየትኛው እንደተቀባ ግን አላስታውስም። ያኔ ጓዳው ጨለማ ነበር፣ ምርጫውም ሁለት ብቻ፤ ማንም በብርሃን አላየልንም። ዛሬ መብራቱ ሞልቷል፤ ምርጫው ጣሪያ ይነካል፤ የልጃችን ቀለም ግን ያለው በታችኛው መሳቢያ፣ ከአቧራ ጋር ነው። እስኪደርቅ ቆዪ ብዬ የሰበክሁት እኔም ተናድጄ አልጠበቅሁም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችንም፣ ሕይወት ፊቷን ብቻ ታጥባ፣ ወደ መናኸሪያው ወረድን። ሻጯ ስታየን ተነፈሰችና መሳቢያውን ሳበችው። ደጃፉ ላይ ሦስቱንም እንደገና ተራ በተራ አስቀባን፤ በዚህ ጊዜ የትኛው የት እንዳለ ታደለች በወረቀት ጻፈች። ሾፌሮቹ መጡ፤ የሚሉትንም አሉ። እኛ ግን እስኪደርቅ ቆምን።