ለመርዶ የሚሆን ካፌ ፍለጋ በሄልሲንኪ

ሰኞ፣ ንጋት፣ አሽዶድ

ከሰፈራችን ከሮቫ ዳሌት ስንወጣ ገና አልነጋም። ወንድሜ ዳዊት ይነዳል፣ እኔ ሻንጣዬን ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀምጫለሁ። የኋላው ወንበር ባዶ ነው፤ ሰው ሲጨንቀው ግን የሚያቅፈው ነገር ይፈልጋል።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ እንደምታውቁት እኔ የካፌ ሰው ነኝ። ከባሕሩ ዳር እስከ ሮቫ ዩድ-አሌፍ ያሉትን ሁሉ ተቀምጬባቸዋለሁ። አሁን ደግሞ በሄልሲንኪ ሞቅ ያሉ፣ ሰው ገብቶ መውጣት የሚረሳባቸውን ካፌዎች ፈልጌ ልጽፍላችሁ ቃል ገብቻለሁ። እዚያ ለምትማረው ለታናሽ እህቴ ለኦርሊም የነገርኳት ይህንኑ ነው። ውሸት አይደለም፤ ግማሽ እውነት ነው፣ እሱም ከውሸት ብዙ አይሻልም።

አባታችን ከተቀበረ ዛሬ ሃያ ሰባተኛ ቀኑ ነው። ኦርሊ አታውቅም።

ያኔ ፈተና ላይ ነበረች። ደግሞም በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። በጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ከግራና ከቀኝ ተደግፋ ነው የምትሰማው። ወደ ቤት ነይ እንዳንላት ምክንያቱን ትጠይቃለች፤ ብቻዋን አውሮፕላን ላይ ከጥርጣሬ ጋር አራት ሰዓት ተኩል ትቀመጣለች። ስለዚህ ዛሬ ነገ ስንል አራት አርብ አለፈ። በየአርቡ ለሻባት ሰላምታ ስትደውል አንዴ ተኝቷል፣ አንዴ ምኩራብ ሄዷል እንላታለን። አሁን የሰፈራችን ረቢ ቁርጡን ነገሩን። ሠላሳ ቀን ሳያልፍ ከሰማች ሰባት ቀን ለሐዘን ሺቫ ትቀመጣለች፤ ካለፈ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ለአባት አንድ ሰዓት!

«ለብቻዋ እንዳትነግሪያት» አለኝ ዳዊት አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ።

«እና ከማን ጋር ልንገራት? እዚያ ማን አለን?»

«እኔ እንጃ ፋንቴ። ብቻ ሰው ባለበት ይሁን። በጠዋት ይሁን። ቤሴደር?»

«ቤሴደር፣ ደህና ነው» አልኩት፣ ምንም ቤሴደር የሆነ ነገር ሳይኖር።

ሰኞ፣ ከሰዓት፣ ሄልሲንኪ

ስደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፣ ፀሐይዋ ግን ሥራዋን ጨርሳ ገብታለች። በረዶው መንገድ ዳር ተከምሯል፣ የትራሙ ሐዲድ ብቻ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ኦርሊ ከስታለች። አቅፋ ሳመችኝና የመጀመሪያ ጥያቄዋ «አባስ?» የሚል ሆነ።

«ያው ነው» አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ኦርሊ የወሰደችኝ የመጀመሪያው ካፌ ወደቡ አጠገብ ነው። ጣሪያው ሩቅ፣ መብራቱ እንደ መስታወት ዘለላ የተንጠለጠለ፣ በየጠረጴዛው ሻማ። ቡናው አራት ዩሮ ተኩል፣ መልኩ ፈዘዝ ያለ፣ ሲቀምሱት ግን ጎምዘዝ ብሎ ደስ ይላል። የቀረፋ ዳቦ አለ፤ ኮሸር፣ ለእኛ የሚፈቀድ፣ መሆኑን ስለማላውቅ ሽታው በቃኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ወንበሮቹ እጽፍላችሁ ነበር። ያን ቀን የማየው ሌላ ነው፦ በሩ ስንት እርምጃ ይርቃል? ብትወድቅ ከኋላዋ ግድግዳ አለ? አጠገባችን ጎብኚዎች ሳህናቸውን ፎቶ ያነሳሉ። እዚህ አይሆንም አልኩ በልቤ።

ማክሰኞ

ሁለተኛው በምድር ቤት ያለ ነው፤ ደረጃ ወርደን ገባን። ግድግዳው ሁሉ መጽሐፍ፣ ሶፋው ላይ የሱፍ ብርድ ልብስ። ሰዎቹ በማንኪያቸው ድምፅ እንኳ ያፍራሉ። እዚህ አገር ዝምታ ጨዋነት ነው፤ እኛ ጋ ሐዘን ላይ ዝም ያለ ሰው ይታማል። እዚህ ቤት እሪ ቢባል መጻሕፍቱ ራሳቸው ዞረው የሚያዩን መሰለኝ።

«ጥግ ላይ ያለው ሶፋ ጥሩ ነው» አለች ኦርሊ። «ማንም አይሰማም።»

ተቀመጥን። ጽዋዋን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ።

«ፋንቴ፣ ልትነግሪኝ የፈለግሽው ነገር አለ?»

«ስኳሩን አቀብይኝ» አልኳት።

አቀበለችኝ። እኔ ቡና በስኳር ጠጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ሦስት ማንኪያ ጨምሬ ጠጣሁ። ወደ ማደሪያዋ ስንመለስ ትራሙ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ በጣቴ ቀን እቆጥራለሁ። ሃያ ስምንት።

ረቡዕ፣ ጎህ ሳይቀድ

«ተነሺ» አለችኝ። ለብሳ ቆማለች። «በጠዋት የሚከፍት አንድ ካፌ አለ። ቅርብ ነው።»

በበረዶ አሥር ደቂቃ ሄድን። ሰዓቱ አንድ ተኩል ነው፣ ውጭው ግን ድቅድቅ ጨለማ። ካፌው ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ያላት ጠባብ ቤት ናት፤ መስኮቱ በእንፋሎት ደብዝዟል፣ አንድ ትንሽ ሬዲዮ ያንሾካሹካል። ሁለት የቀን ሠራተኞች ቆብ እንዳጠለቁ ቡና ይጠጣሉ። ባለቤቷ ስድሳውን ያለፈች፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ናት፤ ሳንጠይቃት ሁለት ኩባያ አመጣችልን።

ቁጭ ስል ገባኝ። ጠዋት ነው። አልነጋም። ሰው አለ። ኦርሊ የተቀመጠችው ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ነው።

«ኦርሊ፣ አባ…»

«ንገሪኝ።»

«አባ አርፏል። ነገ ሠላሳ ቀኑ ነው።»

ጮኸች። እንዴት እንደጮኸች አልጽፍም። አቀፍኳት፣ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ እንዳትመታ እጄን ከኋላዋ አደረግሁ። ሬዲዮው ሲጠፋ ሰማሁ። ኦርሊ እንደ ሐዘን ወጋችን የሹራቧን አንገት ለመቅደድ ትታገላለች፣ ሹራቡ ግን ጠንካራ ነው፣ ለዚያ ብርድ የተሠራ። ሴትየዋ አይታ ከጓዳ መቀስ አመጣች። ምን እንደምናደርግ አታውቅም፤ ብቻ መቀስ እንደሚያስፈልገን አወቀች። ጫፉን ቆረጥኩላት፣ የቀረውን ኦርሊ በእጇ ቀደደችው።

ከዚያ ሴትየዋ ወንበር ስባ አጠገባችን ተቀመጠች። በእንግሊዝኛ «ማን?» አለችኝ። «አባት» አልኳት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ሰው ሲገባ አልተነሳችም፤ የገቡት ራሳቸው ቡና ቀድተው ጠጡ። ማንም ያልጠራት ለቅሶ ደራሽ ነበረች፣ እስከ ዛሬም አመሰግናታለሁ።

«ከሁለተኛው አርብ ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር» አለች ኦርሊ፣ ድምፅዋ ሲመለስ። «ግን ሰው ሳይነግረኝ ባለቅስ ሟርት ይሆንብኛል። በሕይወት ላለ ሰው እንዴት አለቅሳለሁ? በየካፌው ያዞርኩሽ እንዲቀልሽ ብዬ ነው። አንዱ ጋ ትነግሪኛለሽ ብዬ።»

እኔ ቦታ የምመርጥላት መስሎኝ ነበር። ለካ እሷ ናት ለእኔ የምትመርጥልኝ።

ቀጥሎ የጠየቀችኝን ነበር ከአሽዶድ ጀምሮ የፈራሁት። «ስሜን ጠራ?»

መዋሸት እችል ነበር። ወር ሙሉ ሠልጥኜበታለሁ።

«ጠርቶሻል። በመጨረሻው ቀን፣ ማክሰኞ ማታ፣ ኦርሊን አገናኙኝ አለ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ነገ ጠዋት ፈተና፣ ሚቭሐን አላት፣ አትረብሻት፣ ከሰዓት እንደውላለን አልኩት። እሺ ልጄ አለኝ። ሳይነጋ አረፈ።»

የተቀደደውን ሹራብ በእጇ ሰበሰበች።

«ሚቭሐኑን ወደ ሌላ ሳምንት አዛውረውት ነበር» አለች። «ያን ማታ ቤቴ ነበርኩ። ልብስ እያጠብኩ።»

መስኮቱ ግራጫ እስኪሆን ሦስታችን እንደዚያው ተቀመጥን።

ሐሙስ፣ አሽዶድ

ማታውኑ ተሳፍረን ጠዋት ገባን። ዳዊት ፍራሹን ወለሉ ላይ አንጥፎ፣ መስተዋቱን ሸፍኖ ጠብቆናል። የሰፈሩ ሰው እንደ አዲስ መጣ፤ ለኦርሊ አዲስ ነውና። እኔ ሺቫዬን ጨርሻለሁ፣ ግን አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ቦታ ለቀቀችልኝ፤ አላናገረችኝም። አርብም አላናገረችኝም።

እሑድ አንዲት ባልቴት ገብተው አልቅሰው፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ጠየቋት። «ማን አረዳሽ ልጄ? በባዕድ አገር፣ በስልክ ነው?»

«አይደለም እማማ» አለች ኦርሊ። «እህቴ ባሕር ተሻግራ መጥታ ናት ያረዳችኝ። በጠዋት፣ ሰው ባለበት።»

ባልቴቷ ወደ እኔ ዞሩ። «ተባረኪ! ወግ ያወቅሽ! እንዲህ ያለች እህት ለሁሉም ይስጥ!» አሉ፣ የተቀመጠው ሁሉ አሜን አለ።

ኦርሊን አየኋት። አባ ስለጠየቀኝ ስልክ አንድ ቃል አልወጣትም፤ ለዳዊት እንኳ አልነገረችም። ይቅር ብላኝ ይሁን ለአባ ስትል፣ አላውቅም። ምርቃቱን አቀርቅሬ ተቀበልኩ። ካፌ ብላችሁ ይህን የከፈታችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እሷ የሸፈነችልኝን እኔው ልናገረው ብዬ ነው የጻፍኩት።