የዳንቴል ቅጠል ፍለጋ ወደ እንጦጦ

በኮተቤ ዙሪያ ሸማኔ ሲጠራ ቀድሞ የሚነሣው የእኔ ስም ነበር። ሽመናውንም ጥልፉንም ያለ መምህር፣ በዓይኔ ለቅሜ ያወቅሁ ሰው ነኝ። በጃንሆይ ዘመን ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ለልጃቸው ሰርግ የተዋሱትን የዳንቴል ዓይነ ርግብ ይዘውልኝ መጡ። ጠርዙ ላይ ከተደረደሩት የክር ቅጠሎች አንዷ ተተርትራለች።

«ይችሏታል?» አሉኝ።

«ይቺንማ ዓይኔን ጨፍኜ» አልኩ።

ስነካካት አጠገቧ ያሉት ሁለት ቅጠሎችም አብረው ተፈቱ። ዕለቱ ሐሙስ፣ ሰርጉ እሑድ።

ዓርብ ማለዳ

ይህን ሥራ ከፈረንጅ መነኮሳት የተማሩ አንዲት እማሆይ እንጦጦ ላይ እንዳሉ ሰምቼ ነበር። ዓይነ ርግቡን በሸማ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አሰርኩና ወጣሁ። ከየካ በላይ ያለውን ባሕር ዛፍ ጉም ውጦታል። ቅርንጫፍ በተንቋቋ ቁጥር ቆሜ አዳምጣለሁ። እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት አገኘችኝ።

«አባባ፣ ብቻዎን? ትናንት እዚያ ጋ የአንዱን ሰው ጋቢ ገፈውታል። ምን ይዘዋል?»

«ቂጣ።»

«ቂጣ እንዲህ ታቅፈው?» ብላ ሳቀች።

እንጦጦ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት

እማሆይ ትራስ ላይ እስፒል ሰክተው፣ ክር የተጠመጠመባቸው አራት ትንንሽ እንጨቶች ሰጡኝ። ሦስቱ ድር፣ አንዱ ማግ፤ ማጉ በሦስቱ መካከል እየተመላለሰ ቅጠሏን ይሞላል። ናቅሁት። እንደ ልማዴ በየምልልሱ ማጉን ጠበቅ አድርጌ ሳብኩ። ቅጠሏ ተጨማድዳ ገመድ ሆነች። ሁለተኛዋም፣ ሰባተኛዋም።

«ሸማኔ ነህ፣ ጠርዝ ታቀናለህ» አሉኝ። «ቅጠል ሆድ አላት። ማጉን አትጎትት። ከእጅህም አትልቀቀው፣ የእንጨቱ ክብደት ያጨማድዳታል።»

«ሰርጉ ከነገ ወዲያ ነው፣ እማሆይ።»

«እሱ ነው የሚያስጎትትህ። ፈርተሃል።»

«አልፈራሁም» አልኩ። ላቤ ትራሱ ላይ ጠብ አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ቅጠል ወጣችልኝ። የቀሩትን ሁለት ቤቴ እንድሠራ ትራሱን ከነእንጨቶቹ አዋሱኝና ጅብ ሳይወጣ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩት።

ቤቴ

ያከናወንኩትን ልናገር። አሥራ አንድ ቅጠል አበላሽቼ ሦስት ሠራሁ። ዓይነ ርግቡን ጉምም ሌባም ሳይነካው መለስኩ። ማግን ሳይጎትቱ መያዝ ተማርኩ። ቅዳሜ ሦስቱን ቅጠሎች በመርፌ ከየቦታቸው አጋጠምኩ፤ ወይዘሮ አስካለ ፀሐይ ላይ ዘርግተው ቢያዩት የእኔን ከነባሩ መለየት አቃታቸው። እሑድም ሙሽራዋ ደጃፉን እስክታልፍ ድረስ፣ መርፌና ክር ከጋቢዬ ሥር ደብቄ ማቆየት ቻልኩ።