ከደወሉ የተረፈው ስባሪ

አንሙት ተሻለ ዳባት ተወልዶ ደባርቅ ተምሮ፣ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥነ ምድር አጠና። ለሁለተኛ ዲግሪው የስሜን ገደል ከእግሩ እስከ አናቱ በምን ድንጋይ እንደተነባበረ ሊጽፍ ተነሣ። የየንብርብሩን ናሙና በመዶሻ እየፈለጠ ሰበሰበ፤ የቀረው ከጊች መንደር በላይ ያለው የገደሉ አናት ብቻ ነበር። በጦርነቱ ምክንያት ግን ወደዚያ በሚያወጣው መንገድ ላይ ካለው ሳንቃ በር ከተባለ ስፍራ ማለፍ ተከለከለ። ያ ድንጋይ ካልተገኘ ጽሑፉ ጎዶሎ ነው፤ የተመኘው የዩኒቨርሲቲ መምህርነትም ይቀርበታል።

ያኔ ዳባት አጠገብ ያለው የገጠር ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ደወል ትዝ አለው። ከጊች አናት በበቅሎ የመጣ ነው ይባላል። የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ያርጋል ዘንድ ሄዶ ከደወሉ ቁራሽ ለመናቸው።

«መሬቱን መንግሥት ወሰደው፤ አንተ ደግሞ ደወሉን?» ብለው ሳቁ። ቢሆንም ከዕቃ ቤት በጨርቅ የተጠቀለለ ስባሪ ይዘው ወጡ። ደወሉ ሲጠረብ የወደቀ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ነገር አይጣልምና ተቀምጧል።

«ዕድሜው ስንት ይሆናል፣ ልጄ?»

መሪጌታ ዓለም ከተፈጠረ ሰባት ሺህ ከምናምን ዓመት ብለው የሚያሰሉ ሰው ናቸው። እውነቱን ከሰሙ ስባሪውን ሊመልሱት ይችላሉ። አንሙት ግን መዋሸት አልሆነለትም።

«ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ አባቴ። እንደ ወንዝ የፈሰሰ እሳት ነበር።»

መሪጌታ ድንጋዩን በጥፍራቸው መታ አደረጉት። ቀጭን ድምፅ ሰጠ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ብሎ፣ የተናገረው በእኛ ጊዜ ነው?» አሉና በሁለት እጃቸው አቀበሉት።

አንሙት መምህር የሆነው በዚያ ጽሑፍ ነው። ስባሪውን ብርሃን እስኪያሳልፍ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲያየው፣ ክሪስታሎቹ ሁሉ እሳቱ ወደ ፈሰሰበት አቅጣጫ ተኝተው ነበር።