ሰላምታ የማይመልሰው ዘበኛ

ይህ የደረሰብኝ አምና ቲማቲሜ መቅላት ሲጀምር ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ደንበኛ ፊት ሳይቀር ብቻዬን ስለምስቅ፣ ታይዋን ገበያ አጠገቤ ልብስ የሚሸጡ ሴቶች አብዳለች ከማለታቸው በፊት ልጻፈው።

ሰው ሁሉ ጫት ሲተክል እኔን ቲማቲም ያማረኝ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ። ከአክስቴ ልጅ ከአህመድ ጋር ዋሂል አካባቢ መሬት ተከራየንና ያለኝን ሁሉ እዚያ አፈሰስኩት። መስኖ ስላለ አልሰጋሁም። ያላሰብኩት ጦጣውን ነው። አንዱን ነክሶ ይጥላል፣ ሌላውን ያነሳል፤ እንደ ገበያተኛ ያማርጣል!

አህመድ ለእህቱ ሰርግ ሁርሶ ሲሄድ ጠባቂ አጣሁ። ሱቄ ውስጥ ልብስ የማለብሰው የፕላስቲክ ሰው ነበር። ጃኬትና ባርኔጣ፣ ጥቁር መነጽርም አደረግኩለት። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ሳስቀምጠው ረዳቱ ሂሳብ ጠየቀው። ማሳው መሀል ተክዬው በራሴ ብልጠት እየተደነቅኩ ወደ ከተማ ተመለስኩ።

ከቀናት በኋላ ስመጣ ቲማቲሙ ጠውልጓል። የውሃ ተራችን ደርሶ አልፏል፣ ቦዩ ግን ደረቅ ነው። በዚያ ሙቀት ሌላ ተራ እስኪደርስ ከተጠበቀ አለቀልኝ ማለት ነው። ውሃውን ለየማሳው ወደሚያካፍሉት ሽማግሌ፣ ወደ ኦቦ ሙሜ በሩጫ ሄድኩ። ከጎረቤታቸው ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ኦቦ ሙሜ፣ ምን በደልኩ?»

«አንቺ ምንም አልበደልሽም ልጄ። ዘበኛሽ ግን ባለጌ ነው። በአጥሩ ሳልፍ አሰላሙ ዓለይኩም እላለሁ፣ ዝም! በኦሮምኛ አከም ጂርታ እላለሁ፣ ዝም! በሶማልኛም ሞከርኩት። ወላሂ፣ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም!»

ጎረቤታቸው ቀጠለ። «ተራችሁ ሲደርስ ቦዩን ክፈት ብለን ጮህን። እሱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ። አቦ፣ ውሃ ለናቀ ሰው ምን አገባን? ለቀጣዩ ማሳ ለቀቅነው።»

«እሱ እኮ ሰው አይደለም» አልኩ።

«እኛም ያልነው ይህንኑ ነው» አሉ ኦቦ ሙሜ።

ማስረዳት አቃተኝና ይዣቸው ሄድኩ። ማሳው ስንደርስ አንድ ጦጣ ዘበኛዬ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ቲማቲም ይገምጣል። እኛን ሲያይ ዘሎ ጠፋ። ኦቦ ሙሜ ቀስ ብለው ተጠጉ፣ ደረቱን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉ፣ ከዚያ መነጽሩን አንስተው ፊቱን አዩት። ቀለደችብን ብለው ውሃውን ጭራሽ ሊነፍጉኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ለጦጣው ትከሻውን ሰጥቷል፤ የተኳረፈው ከእኛ ጋር ብቻ ነው!» አሉና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጎረቤትየው መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም ሳቄና እንባዬ ተደባለቁ።

የዚያን ቀን ከሰዓት የውሃው ተራ የኦቦ ሙሜ ነበር። የራሳቸው ሽንኩርት ውሃ እየጠበቀ ቦዩን በገዛ እጃቸው ወደ እኔ ማሳ አዞሩት። ቲማቲሜ ተረፈ። አሁን ነገሩን ሳስበው መጀመሪያ እስቃለሁ፣ ቀጥሎ ሆዴ ይባባል። የራሳቸውን ውሃ ያለ አንድ ቃል የሰጡኝ ሰው፣ ያን ሁሉ ቀን የጠየቁት አንዲት ሰላምታ ብቻ ነበር።