ያልፈረምኩት የካባ ርክክብ

ደሴ በአካባቢ ጥበቃ ባለሙያነት ስሠራ ብዙ ወረቀት ፈርሜያለሁ። አንዱን ግን ባለመፈረሜ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ የሚልበት ረጅም ጊዜ አሳለፍኩ።

ነገሩ የድንጋይ ካባ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ አንድ ድርጅት ለዓመታት ድንጋይ እያፈነዳ የሚፈጭበት ቦታ ነበር። ፈቃድ ሲወስድ የገባው ግዴታ አለ፤ ሲጨርስ ጉድጓዱን ሞልቶ፣ መጀመሪያ የገፈፈውን ለም አፈር መልሶ አልብሶ፣ ዛፍ ተክሎ መሬቱን ለቀበሌው ማስረከብ አለበት። አሁን ጨርሻለሁ አለ። ይህን ያለው ግን አካባቢውን ለቆ ሊሄድ አልነበረም። ከጉድጓዱ በላይ ያለውን ገደል በአዲስ ፈቃድ ማፈንዳት ሊጀምር አስቦ ነው፤ አዲሱ ፈቃድ ደግሞ የአሮጌው ርክክብ ሳይፈረም አይሰጥም።

ገደሉ የጭላዳ ዝንጀሮዎች ማደሪያ ነው። ቀን ሜዳው ላይ ሣር ሲነጩ ይውሉና ሲመሽ ነብር የማይደርስበት የገደሉ ወገብ ላይ ተጠጋግተው ያድራሉ። እዚያ አካባቢ ሌላ ማደሪያ የላቸውም።

የማዕድን ክፍሉ ባለሙያ አስቀድሞ ፈርሟል። ድርጅቱ ፈቃድ ሲወስድ ያቀረበው ዕቅድ አፈር ይልበስ ይላል እንጂ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ አይናገርም ብሎ ተከራከረኝ። የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነበር።

ቦታውን ለማየት ብቻዬን ሄድኩ። ማሳቸው ከካባው የሚዋሰን አንድ አዛውንት ገበሬ አገኘሁና ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ዱላቸውን አንስተው መንገድ መሩኝ። ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው። ስንጠጋ አዛውንቱ ጎንበስ ብለው አንዱን ችግኝ በሁለት ጣታቸው መዘዙት። ሥር የለውም፤ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ነው የተሰካው። አፈሩን በጫማዬ ገፋ ሳደርገው ወዲያው ጠጠሩ ብቅ አለ። ጉድጓዱን የሞላው የክረምቱ ውሃ ነው፤ ዙሪያው አጥር የለውም። ጥጃቸው እዚያ ገብታ እምቧ እያለች፣ እሳቸው ዳር ቆመው እያዩ እንደሰጠመች ነገሩኝ።

ስፋቱን ልለካ ወደ ጠርዙ ተጠጋሁ።

«አትንቀሳቀሺ ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ከኋላዬ መሬቱ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር። ሳላየው ተሻግሬዋለሁ። ዱላቸውን ዘረጉልኝ፤ ያዝኩት፤ ሳቡኝ። ከቆምኩበት ግማሹ ተንዶ ውሃው ውስጥ ሲወድቅ ሰማሁ። አዛውንቱ አልሐምዱሊላህ ሲሉ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር።

ስመለስ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ በፒካፕ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ቤቴ ኮምቦልቻ ነው፤ እሱም ወደዚያው እንደሚወርድ ነግሮኝ በሩን ከፈተልኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁና ገባሁ። በጣም ትሁት ነበር። እርስዎ እያለ ስለ ሥራ አጥ ወጣቶች፣ ስለ ልማት አወራኝ። ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ፍጥነት ጨመረ። ድንጋይ የጫነ አንድ ሲኖትራክን ኩርባ ላይ ሲቀድም የበሩን እጀታ ጨምድጄ ያዝኩ። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣

«ልጅሽ አስፋልቱን ተሻግራ ነው አይደል ትምህርት ቤት የምትሄደው? መኪና ይበዛበታል» አለኝ።

ልጅ እንዳለኝ አልነገርኩትም። እርስዎ ማለቱንም ያን ጊዜ ተወ። 

ለባሌ አልነገርኩትም። ፈርመሽ ተገላገይ ይለኛል ብዬ ፈራሁ፤ ካለኝ እሺ እንደምል አውቅ ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ ልጄን እጇን ይዤ ራሴ አሻግራት ጀመር። እጄን በጣም ስለማጠብቅባት አመመኝ ትለኝ ነበር። ከማላውቀው ቁጥር ይደወላል፤ ሳነሳው ማንም አይናገርም። አለቃዬ በሩን ዘግቶ፣ «ፈርሚ አልልሽም፤ አትፈርሚ አልልሽም» አለኝና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። በመጀመሪያው ላይ «መጠነኛ ጉድለት ታይቷል» ብዬ ነበር። ሳነበው አፈርኩና ቀደድኩት። በሁለተኛው ያየሁትን አንድ በአንድ ጻፍኩ።

በሪፖርቴ መነሻነት የተቋቋመ አጣሪ ኮሚቴ ቦታው ድረስ መጣ። የዱር እንስሳት ባለሙያው፣ የማዕድን ክፍሉ፣ የወረዳው አስተዳደር፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ ሥራ አስኪያጁም ነበሩ። አንብቢ ተባልኩ። ወረቀቱን መኪና ኮፈን ላይ ዘርግቼ አነበብኩ። ስጨርስ ያልጻፍኩትን ጨመርኩ፤ ፒካፑ ውስጥ ስለ ልጄ የተባልኩትን በሰው ፊት ቃል በቃል ተናገርኩ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ ለመንገድ ደኅንነት የሰጠሁት ምክር ነው አለ። ማንም አልሳቀም። አዛውንቱ ከሽማግሌዎቹ መካከል ወጥተው ችግኞቹን እየነቀሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ እግር ሥር መደርደር ጀመሩ። ሰብሳቢው ይበቃል እስኪላቸው ድረስ አላቆሙም።

ርክክቡ ውድቅ ሆነ። ድርጅቱ ጉድጓዱን እንዲያጥርና እንዲሞላ ታዘዘ፤ የገደሉም ፈቃድ የጭላዳዎቹ ጥናት እስኪቀርብ ታገደ። ድርጅቱ ወደ ክልል ይግባኝ አለ። ፖሊስ ቃሌን ተቀብሎ ማስረጃ የለም አለኝ።

ባሌ ወሬውን ከሰው ሰምቶ ገባ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ይህን ሁሉ ቀን ብቻሽን?» አለኝ።  በዚያው ሳምንት ልጃችንን አስፋልት ወደማያሻግር ትምህርት ቤት አዛወርናት። ዓመቱ ሲያልቅ እኔም ራሴ አመልክቼ ወደ ኩታበር ወረዳ ተቀየርኩ። መሸሽ ነው ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ አልተከራከርኳቸውም፤ እውነታቸውን ነው።

አጥሩ ታጥሯል። ጉድጓዱ ግማሽ ድረስ ተሞልቶ ቆሟል። ይግባኙ እስካሁን አልተወሰነም።