በግ የሚያሞቀው ቆጥ

አረጋሽ እንግዳ ሲመጣባት ደስ የሚላት ሴት ናት። የትውልድ አገሯ ግሼ፣ ራቤል አጠገብ ነው። ወዳጆ አግብቷት ወደ መንዝ ስትመጣ በአካባቢው አንድም ዘመድ አልነበራትም። ጓሳ ከሚባለው ሜዳ ጥግ ባለችው በዚያች መንደር ሰው የለመደችው መንገደኛ እያስገባች ነው። ከመሐል ሜዳ ገበያ ሲመለስ የመሸበት፣ ለንግሥ መጥቶ ማደሪያ ያጣ ዲያቆን፣ አህያው ያነከሰችበት ነጋዴ፣ ሁሉም ደጇን ያውቀዋል። ወዳጆ ግን ዝምተኛ ነው። ሙያው ግንበኝነት ስለሆነ፣ "ግድግዳው የኔ፣ ወሬው የሷ" ይላል ሰው ሲጠይቀው።

ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ወደ ጓሳ የሚመጣው ሰው እየበዛ ሲሄድ፣ ደብረ ብርሃን ሆቴል ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው ቤተል አንድ ሐሳብ አመጣች።

"እማዬ፣ አንቺ መቼም ሰው ሳታሳድሪ አይሆንልሽም። ለምን አንድ ክፍል ሠርታችሁ አታከራዩም? ፎቶውን እኔ በስልኬ እለቅላችኋለሁ።"

አረጋሽ ማከራየት የሚለው ቃል መጀመሪያ ቀፈፋት። እያደር ግን ሐሳቡ ገባት። ከገባት በኋላ ደግሞ የሚመልሳት ጠፋ። ክፍሉ የከተማ ክፍል መምሰል አለበት ብላ ወሰነች። ከዋናው ቤት ራቅ ብሎ፣ ግቢው ጥግ ላይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ስሚንቶ፣ ግድግዳው ሰማያዊ የሆነ ቤት ተሠራ። ከመሐል ሜዳ የብረት አልጋና አበባ የተሣለበት መጋረጃ መጣ። ወዳጆ በድንጋይ ልገንባው ብሎ ነበር።

"የከተማ ሰው ድንጋይ ሊያይ ነው እንዴ የሚመጣው?" አለችው። መዶሻውን አንስቶ ወደ ቆርቆሮው ሄደ።

ጎረቤቷ ተሾመች ግን ዝም የምትል ሴት አይደለችም። አጥሩን ተደግፋ ቆርቆሮው ሲመታ አየችና፣ "እንዲያው ይሄ ነገር የታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ ምን ሊሆን ነው? የቆጡን አወርድ ብላ አሉ" አለች።

"አንቺ ደግሞ ቅናትሽን ዋጥ አድርጊ" አለቻት አረጋሽ። ሁለቱ እንዲህ እየተባባሉ ነው ልጆች ያሳደጉት።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች በዚያው በታኅሣሥ መጡ። ምስክርና ፅዮን የሚባሉ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው። ራት በሉ፣ ጠላ ቀመሱ፣ መልካም አዳር ተባብለው ወደ ሰማያዊው ክፍል ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ የዋናው ቤት በር ተንኳኳ። ፅዮን ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ተከናንባ ቆማለች።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። እሳቱ አጠገብ ትንሽ ብንቀመጥ?"

የአረጋሽ ዋና ቤት እንደ ድሮው የመንዝ ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። በአንድ ወገን ከታች በጎቹ ያድራሉ፤ ከእነሱ በላይ በእንጨት ርብራብ የተሠራው ቆጥ የባልና ሚስቱ መኝታ ነው። ፅዮን እሳቱ ዳር እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት። ወደዚያ ብርድ መልሶ መስደድ ነውር ነው። አረጋሽ እያፈረች ሁለቱንም በመሰላል ወደ ቆጡ አወጣቻቸው፤ ከበግ ፀጉር የተሠራውን የራሷን በና አልብሳቸው ወረደች።

ጠዋት እንግዶቹ ሳይነሱ ቆዩ። ጭላዳው ከገደሉ ወጥቶ ሣሩን መንጨት ከጀመረ ቆይቷል። በመጨረሻ ምስክር ፀጉሩ እንደቆመ በመሰላሉ ወረደና፣ "እትዬ አረጋሽ፣ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። ከታች የሚመጣው ሙቀት እኮ ምድጃ ነው" አለ። እሷ ለይሉኝታ የተናገረው መሰላት።

ሰንበት ብሎ ቤተል ደወለች። "እማዬ፣ የነምስክር ጓደኞች ሊመጡ ነው። ግን ሰማያዊውን ክፍል አይፈልጉም። በጎቹ ላይ ያለውን ነው የጠየቁት።"

"እንግዳ ከበግ ጋር ጉረኖ አሳደረች ልባል? አይሆንም" አለችና ስልኩን ዘጋች።

ነገሩ ግን ሲከነክናት ሰነበተ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ለደብሩ ካህን ለመምሬ አትናቴዎስ ነገረቻቸው። መምሬ ጠላቸውን ቁጭ አድርገው ሳቁ።

"ልጄ፣ በገና ሰሞን ይህን ትጠይቂኛለሽ? ጌታ ሲወለድ ያሞቁት እነማን ናቸው?"

"እንስሳቱ ናቸዋ፣ በትንፋሻቸው።"

"እንግዲያ በምን አፈርሽ? የቤተልሔም ሰው በረቱን የሰጠው ሌላ ማደሪያ ስለሌለ ነው። አንቺ ግን አስበሽበት፣ አሳምረሽ ስጪ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አረጋሽ ሌላ ሰው ሆነች። ወዳጆም የልቡን ሥራ አገኘና ምላሱ ተፈታ። ከዋናው ቤት ጎን፣ ምድሩ ጉረኖ፣ ላዩ የእንግዳ መኝታ የሆነ የድንጋይ ቤት ሊገነቡ ተስማሙ። የተስማሙት ግን በዚህ ብቻ ነው። የወለሉ ርብራብ ክፍተቱ ሰፋ ካለ ሽታው ይገባል፤ ከጠበበ ሙቀቱ አይወጣም። ወዳጆ ከላይ በሆዱ ተኝቶ፣ አረጋሽ ከታች ከበጎቹ መሐል ቆማ ሲለኩ ዋሉ።

"ሞቀህ?"

"ሸተተኝ።"

"እሱን አልጠየቅኩህም፣ ሞቀህ ወይ?"

ለሽታው መላ ያገኘችው እሷ ናት። ጉረኖው በየማታው ይጠረግና ደረቅ የገብስ ጭድ ይነጠፍበታል፤ በርብራቡ ላይ ደግሞ ጦስኝ ወፈር ተደርጎ ይጎዘጎዛል። በብረት አልጋው ፋንታ ሰፊ መደብ ተሠራ፤ በላዩ አጎዛ፣ በአጎዛው ላይ እሷ ራሷ ፈትላ ያሸመነችው በና። መስኮቱን ትልቅ አድርገው ስትለው ወዳጆ ስለ ንፋሱ እምቢ አለ። ኋላ ትንሽ ሆኖ ከመደቡ ትይዩ ዝቅ ብሎ እንዲወጣ ተደረገ። እንግዳው አጎዛው ላይ እንደተጋደመ ሜዳውንና ጭላዳውን ያያል።

ቤተል ፎቶውን ለቀቀች፤ ሰውም መጣ፣ ወደደው። ችግር የመጣው በዓመቱ፣ በጥምቀት ሰሞን ነው። ወዳጆ ለገና ገበያ በጎቹን ነድቶ ሸጦ፣ የቀሩት ጥቂት እናት በጎችና አንድ ጥቁር አውራ በግ ነበሩ። አረጋሽ ረፋድ ላይ ወደ ላይ ወጥታ ወለሉን በመዳፏ ነካችው፤ ቀዝቅዟል። እንግዶቹ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ተነስተዋል።

ሌላ መንገድ አልነበራትም። ነጠላዋን አጣፍታ ተሾመች ዘንድ ሄደች።

"በጎችሽን ለዛሬ አውሺኝ።"

ተሾመች ሳቋን ለመያዝ እንኳ አልሞከረችም። ስቃ ስትጨርስ፣ "እሰጥሻለሁ" አለች። "ግን በጎቼ እንግዳ ሲቀበሉ እኔ ቤቴ ቁጭ አልልም። ጠላውን የምቀዳው እኔ ነኝ።"

"ቅጂ" አለች አረጋሽ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የተሾመች መንጋ ገባ። ከመንጋው ጋር የገባው ነጭ አውራ በግ ከወዳጆ ጥቁር አውራ ጋር ሲተያይ ጊዜ አልፈጀም። ግንባር ለግንባር ሲላተሙ ርብራቡ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። እንግዶቹ አራት ጓደኛሞች ነበሩ። አረጋሽ በድንጋጤ ደረጃውን ስትወጣ፣ ሁሉም በወለሉ ላይ ተደፍተው፣ ጦስኙን ገለጥ አድርገው በርብራቡ ቀዳዳ ቁልቁል ያያሉ። እየሩስ የምትባለው ቀና ብላ፣ "እትዬ፣ እኔ ከነጩ ጋር ነኝ" አለቻት።

በመጨረሻ ወዳጆ ጥቁሩን በቀንዱ ጎትቶ ሰማያዊው ክፍል አስገባው። ያ ክፍል ከተሠራ ጀምሮ ሳያጉረመርም ያደረበት እሱ ብቻ ነው፤ ጠዋት ሲከፈት የመጋረጃውን እኩሌታ በልቶታል። እንግዶቹ ሞቋቸው አድረው፣ የተሾመችን ጠላ ደጋግመው አመስግነው ሄዱ። እሷም ምስጋናውን ለመንደሩ ሁሉ አዳረሰች።

አሁን ተሾመችም የራሷን ቤት እያስገነባች ነው። ግንበኛው ወዳጆ ነው። አረጋሽ ሥራው መሐል ቆማ ደረጃው በግራ በኩል ካልወጣ እንግዳ ይሰናከላል ትላለች። ተሾመች ደግሞ፣ "ቤቱ የኔ፣ በጎቹ የኔ፣ አንቺ ምን አገባሽ?" ትላታለች። እኔም ደጇን ከሚያውቁት መንገደኞች አንዱ ነኝና፣ ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ ክርክሩ ገና አልበረደም ነበር። ወዳጆ መዶሻውን አስቀምጦ ጥላው ሥር ተቀምጧል፤ በሶውን እየበጠበጠ፣ ሲስማሙ እንዲጠሩት ነግሯቸዋል።